ባልቴቷን ማን ይጫወታት?

ጥቅምት 4

ድንቡሼ እህቴ፣

«ከሁሉ አስቀድሜ የናፍቆት ሰላምታዬን» ብዬ አልጀምርም፤ ናፍቆቱን ታውቂዋለሽ፣ ሰላምታውን ማንም ይጽፈዋል። ደህና ነኝ። ሲበርድ ጉልበቴ ያጉረመርማል፣ እዚህ ደግሞ የማይበርድበት ቀን የለም። ክሊኒኩ እንደ ነበረ ነው። ሐኪሙ ጥርስ ይነቅላል፤ እኔ ከኋላ ክፍል በጄሶና በሰም ተለውሼ ሰው ሠራሹን እሠራለሁ። ምስጋናው ለእሱ፣ ወቀሳው ለእኔ።

ከሥራ ስወጣ ምን እንደምሠራ ጠይቀሽኛል። እስካለፈው ሳምንት መልሱ «ምንም» ነበር። አሁን ግን ጉድ ልንገርሽ። የማዕዘኑ ፋርማሲስት ከሳል ሽሮፕ የተረፈ ጥበብ አለኝ ብሎ ቲያትር ሊያዘጋጅ ተነሥቷል። ያውም የትኛውን? ያችን ሁሉም የሚያውቃትን አሮጌ ኮሜዲ! ባልቴቷና ጎረቤቷ ወሰን ላይ ለበቀለች አንዲት የበለስ ዛፍ ተካስሰው፣ ፍርድ ቤት ሲመላለሱና ሲሰዳደቡ ከርመው፣ መጨረሻ ላይ የሚጋቡባትን። ልጆች ሳለን አባባ ወስዶን አንቺ በሳቅ ብዛት ከወንበር የወደቅሽባት።

ተዋናይ የሚመረጥበትን ቀን «ኦዲሽን» ይሉታል። እኛ ስናድግ ፈተና ነበር ስሙ። እኔ የሄድኩት ለፈተና አይደለም። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ የአዳራሹን መጋረጃ ልትለካ ስትሄድ «ሜትሩን ያዥልኝ» ብላኝ ነው። ያየሁትን ብታዪ! ፀጉር አስተካካዩ ተነሣ፤ ወረቀቱ ላይ «ተቆጥቶ ይገባል» የሚለውን ማሳሰቢያ እንደ ንግግር ጮክ ብሎ አነበበው። ፋርማሲስቱም ራሱን እየነቀነቀ «ስሜት አለው» አለ። የባንክ ሥራ አስኪያጁ ሚስት ደግሞ ሻሿን ወደ ትከሻዋ ወርውራ ባልቴቷን ለመሆን ተነሣች። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ያነጋገረችው የገዛ ጫማዋን ነው። ሬዲዮ ጠጋኙ ለጎረቤትየው ቀረበ። የላይኛው ጥርሱ የእኔ ሥራ ነው። «ሰ» ሲል ያፏጫል፣ ናና ላስተካክልልህ ብለው አልመጣም። አሁን የፍቅር ንግግሩ ከላይ እስከ ታች በ«ሰ» የተሞላ ነው፤ ሰማሁት፣ እንደ ፈላ ጀበና ሲል ዋለ።

እኔ ሜትሩን ይዤ ቆሜ ሳለሁ ሳላስበው ስቄ ኖሯል። ፋርማሲስቱ ዞር አለና «የሚስቁት ወይዘሮ ይሻላሉ መሰለኝ፣ እስቲ ያንብቡ» አለኝ። አነበብኩ። ምን አስፈራኝ! አንድ ገጽ ሙሉ ስድብ ነበር። ስጨርስ አዳራሹ አጨበጨበ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው ብዬ ሜትሬን ጠቅልዬ ወጣሁ። ለሚቀጥለው ዙር ጠርተውኛል። የምሄድ አይመስለኝም።

የባልሽ፣ የመሐንዲሱ፣ ሰላምታ በደብዳቤሽ የለም። ድሮ ቢያንስ ጠርዙ ላይ ሁለት ቃል ይጭር ነበር። እጁን ምን ነካው?

እህትሽ፣
ወስፌ


ጥቅምት 17

እትዬ፣

መልስ ስላዘገየሁ አትቆጪኝ። የፈተና ወረቀት ሳርም ሰነበትኩ። አሁን የማስተምረው ስድስተኛ ክፍልን ነው፤ «የውኃ ጥቅም ምንድን ነው» ብዬ ብጠይቅ ግማሾቹ «ለመጠጣት»፣ ግማሾቹ «ለመስጠም» ብለው መልሰውልኛል። ለሁለቱም ሙሉ ነጥብ ሰጠሁ።

ደብዳቤሽን መምህራን ማረፊያ ውስጥ ከፍቼ ፀጉር አስተካካዩ ላይ ስደርስ ሻዬ በአፍንጫዬ ወጣ። ሒሳብ አስተማሪው ምን ሆነች ብሎ ጀርባዬን መታ። እባክሽ ሂጂ። አትሄጂም ብዬ ሳይሆን፣ ሄደሽ ስታበቂ አልሄድኩም እንዳትዪኝ ነው። እኔ ከወንበር የወደቅኩባት ቲያትር ናት፤ አንቺ ከአባባ ጎን ቀጥ ብለሽ ተቀምጠሽ ስትስቂ አላየሁሽም። ወደድሻት ወይስ ናቅሻት ብዬ እስከ ዛሬ እጠይቃለሁ።

መሐንዲሱ ደህና ነው። ሥራ በዝቶበታል፣ መንገድ ሥራው ላይ ነው የሚውለው። እጁን ምንም አልነካውም።

ከእንግዲህ ደብዳቤ ስትጽፊልኝ በትምህርት ቤቱ አድራሻ አድርጊው። የሰፈሩ ፖስተኛ የሰው ደብዳቤ ያደባልቃል። ኑሮዬን ብትጠይቂኝ፣ ጠዋት ጠዋት መስኮቴን ስከፍት ፊት ለፊት ያለው ዳቦ ቤት ይጨስና የትኩስ ዳቦ ሽታ ክፍሌን ይሞላዋል። ከዚህ የበለጠ ምን እፈልጋለሁ?

የትኛውን ክፍል ነው የምታነቢው? ስድቡን ብቻ ነው ወይስ መጨረሻውንም?

ድንቡሼ


ጥቅምት 29

ድንቡሼ፣

ሄድኩ። ደስ ይበልሽ።

በመጀመሪያ ግን፣ ቤታችሁ ከመቼ ወዲህ ነው ዳቦ ቤት የሚያየው? እኔ ስመጣ ፊት ለፊቱ ያ የተንዛዛ የአትክልት ቦታ ነበር። አትክልቱን ነቅለው ዳቦ ቤት ሠሩበት ማለት ነው? እንደ መሐንዲሱ ያሉ ሰዎች የሚያቅዱት ከተማ፣ ይህም ይብዛበት።

ስድቡን ብቻ ነው ወይ ላልሽኝ፣ አይደለም፤ ችግሩም እሱ ነው። ለባልቴቷ ሁለት ሴቶች ቀረን፣ እኔና የሥራ አስኪያጁ ሚስት። ጎረቤትየው ያው ፉጨታሙ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። መጀመሪያ የክሱን ትዕይንት አስነበቡን። እሷ ጫማዋን ከሰሰችው። እኔ ተነሣሁና ሬዲዮ ጠጋኙን ዐይን ዐይኑን እያየሁ «አንተ ስትናገር እኮ ዶሮዎቼ ያዛጋሉ!» ስለው አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መጋረጃ የሚሰቅሉት ሰዎች እንኳ መሰላል ላይ ሆነው ሳቁ። ሬዲዮ ጠጋኙ እውነት መስሎት ጆሮው ቀላ። ውሸት ነው ብዬ ላጽናናው አልቻልኩም፣ እውነት ነበራ።

ከዚያ የመጨረሻው ትዕይንት መጣ። ባልቴቷ ከዛፏ ሥር ቆማ፣ ጎረቤቷ የሰጣትን በለስ ተቀብላ «እሺ። ዛፏም የሁለታችን ትሁን» ማለት አለባት። ይኸው ነው። ሕፃን ይለዋል። አልኩት። ፋርማሲስቱ «እንደገና» አለ። አልኩት። «እንደገና።» ሦስቴ አስደገመኝና መነጽሩን አውልቆ ምን አለኝ መሰለሽ?

«ወይዘሮ፣ ስድቡ ከሆድዎ ነው የሚወጣው። እሺታው ግን ከጥርስዎ።»

የሰው ጥርስ ስሠራ ለኖርኩት ለእኔ! አስፕሪን ቆጥሮ የሚሸጥ ሰው ስለ ሆድና ስለ ጥርስ ያስተምረኛል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ላለው ዓርብ «እሺታዎን ፈልገው ያምጡ» ብሎ ቀጠረኝ። እንደ ጠፋ ቁልፍ። የሚያናድደኝ፣ ቤቴ ገብቼ መስተዋት ፊት ስለው እኔም አላመንኩትም።

ወሬ ልጨምርልሽ። የልብስ ሰፊዋ ልጅ፣ ያቺ ፎቶግራፍ አንሺውን ያገባችው፣ ሻንጣዋን ይዛ ተመልሳ እናቷ ቤት ገብታለች። መምታት የለ፣ መጠጣት የለ፤ ለምን እንደመጣች ስትጠየቅ «አልተመቸኝም» ነው መልሷ። አልተመቸኝም! ባል ጫማ ነው እንዴ? ግድግዳችን ስስ ስለሆነ ስትነፋረቅ ይሰማኛል። በዚህ ዕድሜ ሻንጣ አንጠልጥሎ እናት ደጅ ከመቆም አንድ ጥግ ተደብቆ መኖር አይሻልም? እናቷ ደግሞ ጓዟን ተቀብላ «ግቢ የኔ ልጅ» አለቻት። እኔ ብሆን ደጃፉ ላይ አንድ ጥያቄ እጠይቃት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሻንጣዋን ራሷ መልሳ ታነሣዋለች።

ሰላምታ ለመሐንዲሱ፣ ለመቀበል ጊዜ ካለው።

ወስፌ


ኅዳር 8

እትዬ፣

ስለ ልብስ ሰፊዋ ልጅ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። መጀመሪያ ላይ ያወቅሽብኝ መሰለኝ። ኋላ ግን አለማወቅሽ ገባኝ፤ ብታውቂ ኖሮ አጭር አድርገሽ ነበር የምትጽፊው።

አትክልቱን ማንም አልነቀለውም። አሁንም እዚያው አለ፤ እኔ ነኝ የሌለሁት። ከመሐንዲሱ ቤት የወጣሁት ክረምቱ ሳይገባ ነው። የምኖረው ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። ፖስተኛውም ስሙ በከንቱ ጠፋ፣ ደብዳቤ አያደባልቅም።

ምን አደረገሽ ትዪኛለሽ። መምታት የለ፣ መጠጣት የለ። እንግዳ ሲኖር «እስቲ ያን ነገር ንገሪያቸው» ይለኛል፤ ስጀምር ያዛጋል። ሰዉ ይስቃል። ጨርሼ እንኳ አላውቅም፣ «አይ አስተማሪ!» ብሎ እሱ ይጨርሰዋል። መጋረጃ ስገዛ እንግዶቹን ጠርቶ ያሳያቸዋል፣ ምርጫዬን እንዲያዩልኝ። ክፉ ቃል አይናገርም። አንድም ቀን ሰደበኝ ብዬ ልከስሰው አልችልም። አንድ ቀን ግን እኔው ራሴ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ልናገር አፌን ስከፍት «ምንም አይደል፣ የማይረባ ነገር ነው» ብዬ ስጀምር ራሴን ሰማሁ። ማንም ሳይለኝ። ያን ቀን ወጣሁ።

ለምን ብዙ ዓመት ቆየሽ ብትዪኝ መልሱን አውቀዋለሁ። እትዬ፣ ንቀትን ከአንቺ ለምጄው ነበር። የምለብሰውን፣ የማነበውን፣ የምወደውን በአንድ ቃል ስትወጊው ነው ያደግሁት። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ፣ ያበላሽኝ አንቺ ነሽ፣ ስለዚህ የሚወድ ሰው እንዲህ ነው የሚናገረው ብዬ ነበር። ከእሱ ሲመጣ እንግዳ አልሆነብኝም። ቤቴ የገባሁ መሰለኝ።

ይኸን የምጽፈው ልጎዳሽ ብዬ አይደለም። ለምን እንደደበቅሁሽ እንድታውቂ ነው። ባሌን ትቼ ወጣሁ ብልሽ አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጅተሽ እንደምትጠብቂኝ አውቃለሁ። እሱን ዓረፍተ ነገር ነው የፈራሁት። አሁን ደጃፍ ላይ የምትጠይቂውን ጥያቄ ጭምር ጻፍሽልኝ።

መልስ አትቸኩዪ። አትምጪም።

እህትሽ


ኅዳር 16

እህቴ፣

አትቸኩዪ ስላልሽኝ አልቸኮልኩም። ጽፌ የቀደድኩት ከምልከው ይበልጣል። በቀደድኩት ውስጥ መሐንዲሱን የሚገባውን ብዬዋለሁ፤ ጥሩ ጥሩ ነገር ነበር፣ አንዱን እንኳ ብታነቢ ከወንበር ትወድቂ ነበር። ከዚያ ግን እሱን ስሰድብ የራሴን ድምፅ ሰማሁና ተውኩት።

ኦዲሽኑ እንዴት ሆነ ብለሽ አልጠየቅሽኝም፤ ልክ ነሽ። ግን መንገር አለብኝ፣ ምክንያቱም የመለስኩልሽ እዚያ ነው።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ያው የተቀጠርኩበት ዓርብ ነው። ክሊኒክ አንብቤ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼው ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም፣ እግሬ ለምዶ ይሆናል። ፋርማሲስቱ «ከስድቡ እንጀምር፣ እሱ እንኳ የእርስዎ ነው» አለ። ሬዲዮ ጠጋኙ ፊቴ ቆመ። ጥርሱን ያሠራ መሰለኝ በሌላ ቦታ፣ አያፏጭም ነበር። «አንተ ስትናገር እኮ...» አልኩ። ቀጥሎ ያለው ቃል «ዶሮዎቼ ያዛጋሉ» ነው። አፌ ውስጥ ነበር። አልወጣ አለኝ። አንቺን አየሁሽ፣ ሰው ፊት አፍሽን ከፍተሽ። ሰውዬው ደግሞ ካለፈው ጊዜ ጀምሮ ትከሻውን ሰብሰብ አድርጎ ነው የሚቆመው፣ ሊመታ እንደሆነ ሰው። አዳራሹ ሁሉ ሊስቅ አኮብኩቦ ይጠብቀኛል። «አልችልም» አልኩና ወረቀቱን ወንበር ላይ አስቀመጥኩ።

የሥራ አስኪያጁ ሚስት ተነሣች፣ ጫማዋን አነጋገረች። ከዚያ ከኋላ የልብስ ሰፊዋ ልጅ፣ የመጋረጃ ጨርቅ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ እየሰፋች የነበረችው፣ «እኔ ልሞክር?» አለች። መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰክታ መጣች። ስድቡን ደህና አደረገችው። መጨረሻው ላይ በለሱን ተቀብላ «እሺ» ስትል ግን ፋርማሲስቱ መነጽሩን አወለቀ፣ አልመለሰውምም። ባልቴቷ ያቺ ናት። አለቀ።

አብረን ወደ ቤት ስንሄድ ይቅርታ ልጠይቃት አስቤ «ቦታዬን ወሰድሽ» ብዬ ጀመርኩ። እንዲህ ነው እንግዲህ የምጀምረው። ልጅቷ ሳቀች።

«እትዬ፣ በግድግዳው በኩል ስለምረብሽዎት አይቆጡኝ» አለችኝ።

«ስታለቅሺ ይሰማኛል» አልኳት።

«አውቃለሁ። የእርስዎም ድምፅ ይሰማናል።»

«እኔ አላለቅስም።»

«አያለቅሱም፣ ያወራሉ። ሰው ይሰድባሉ፣ አንዳንዴ ጥሩ ነው፣ እኔና እማዬ እንስቃለን። ግን መልስ የሚሰጥ ሰው አይሰማንም።»

እሷም ክንዴን ያዘችኝ፣ መንገዱ ጭቃ ነበር።

ፋርማሲስቱ በማግስቱ ክሊኒክ ድረስ መጥቶ ሌላ ቦታ ሰጠኝ። በሁለቱ ጭቅጭቅ የሚሰለቸውን ዳኛ ሴት አድርጎ ለእኔ። ዳኛ! ያለ ደመወዝ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁትን ሥራ። ተቀበልኩት። ለሌላ አልሆንም።

አትምጪ ብለሻል። ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ። መናኸሪያው አጠገብ ያለው ሆቴል አልጋ አለው፣ እዚያ አድራለሁ። በርሽን መክፈት አለመክፈት የአንቺ ነው፤ ባትከፍቺ እሑድ እመለሳለሁ፣ አንድም ቃል አልልም። የምጠይቅሽ ጥያቄ የለኝም። አንድ ልነግርሽ የምፈልገው ነገር አለ፣ በወረቀት አይሆንልኝም።

ወስፌ አልልም ዛሬ። እህትሽ ነኝ።


ታኅሣሥ 3

እትዬ፣

በሰላም መግባትሽን የጻፍሽልኝ ካርድ ደርሶኛል። ሹፌሩን የገለጽሽበት ቦታ ላይ ሳቅሁ፤ ምስኪን፣ ሌላውን ሁሉ ትምሪያለሽ ሹፌርን ግን አትምሪም።

ከሄድሽ ወዲህ ክፍሌ ጠበበችኝ ብልሽ አታምኚኝም፣ ሁለታችን ሆነን መዞሪያ አልነበረንም። መጋረጃዬን አይተሽ አፍሽን ከፍተሽ መልሰሽ ስትዘጊው አይቼሻለሁ። ብርቱካንማው ትንሽ እንደሚጮኽ እኔም አውቃለሁ። ወድጄው ነው የገዛሁት።

አከራዬ ቧንቧውን አስጠግኗል። ደረጃው ላይ ስለ ቧንቧው የተናገርሽውን ሰፈሩ እስከ ዛሬ ያወራዋል። «ያቺ ዳኛዋ እህትሽ መቼ ትመጣለች?» ብሎ ይጠይቀኛል፤ ከናፍቆት አይመስለኝም። እንደዚያ ያለ ቦታ ላይ አፍሽን እንዳትጥዪው አደራ፣ ቧንቧ ለማስጠገን ያስፈልገኛል።

የነገርሽኝን ደግሜ አልጽፈውም። መናኸሪያው ላይ ቆመሽ፣ ሰው እየገፋሽ፣ ቦርሳሽን በሁለት እጅ አንቀሽ ስትናገሪው፣ መጀመሪያ የምትቆጪኝ መስሎኝ ነበር። በኋላ ይቅርታ እንደሆነ ገባኝ። ሆዴ ውስጥ ያለው ቁጣ ገና አላለቀም። የሚያልቅ ይመስለኛል፣ ግን ዛሬ አልቋል ብዬ አልዋሽሽም። ቤት ነይ ላልሽኝም መልሴ አልመጣም ነው። ክፍሌን ወድጃታለሁ። ለቲያትሩ ግን እመጣለሁ፤ ትምህርት ሲዘጋ፣ ለሁለት ቀን። ልብስ ሰፊዋ ቤት እንዳድር ጠይቂልኝ፣ ያንቺን ዳኛ ከግድግዳው ወዲያ ሆኜ ልስማት።

መሐንዲሱ መጥቶ እንደሆነ ጠይቀሽኛል። መጥቷል፣ ባለፈው ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደረጃው ላይ ቆሞ አገኘሁት። ገብቶ ዙሪያውን አየ፣ መጋረጃው ላይ ሲደርስ ፈገግ አለ። «እና እዚህ ነው?» አለኝ። ብትመለሺ ማንም ምንም አይልሽም፣ እኔ እንኳ ለሰዎች ሐኪም አዞልሽ አርፈሽ ነው ብያለሁ አለ። ልነግረው ጀመርኩ፣ ለምን እንደወጣሁ፣ ተረጋግቼ። አዛጋ።

እውነቴን ነው የምልሽ፣ ለአንድ አፍታ ያንቺን አፍ ተመኘሁ። ምላሴ ላይ መጥቶልኝም ነበር፣ የሚያቃጥል፣ የሚያስቅ። ከዚያ ማን ይስቅልኛል አልኩ፤ ሁለታችን ብቻ ነን።

«አልጨረስኩም» አልኩት። አፉን ገጠመ። ጨረስኩ። ረጅም አልነበረም። ስጨርስ «አሁን ሂድ፣ ወደዚህም ሁለተኛ አትምጣ» አልኩት። ሊስቅ ጀመረና አካባቢውን ዞር ብሎ ፈለገ፣ አብሮት የሚስቅ ሰው የለም። ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። የጫማው ድምፅ ደረጃው ላይ እስኪጠፋ ሰማሁት።

አልሰደብኩትም፣ እትዬ። በሩን ዘጋሁ፣ ሾርባዬ ቀዝቅዞ ነበርና አሙቄ በላሁት። ጣፈጠኝ።

ድንቡሼ